ንባብና ትርጓሜ፤ የአንዲት የብርቱካን ተባይ ጂኖም በኅብረት የተተረጎመበት ሁኔታና ለሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ነባር ትምህርት ቤት ንባብን የጨረሰ ተማሪ ትምህርትን ጨረሰ አይባልም። ፊደሉን ለይቶ፣ ቃሉን አጥርቶ ማንበብ አንድ ማዕረግ ነው፤ የተነበበው ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ማወቅ ደግሞ ሌላ ማዕረግ ነው። የመጀመሪያው በንባብ ቤት፣ የኋለኛው በመጻሕፍት ቤት የሚፈጸመውም ስለዚህ ነው።

በዘመናዊው የሥነ ሕይወት ሳይንስም ተመሳሳይ ልዩነት ይታያል። የአንድን ፍጡር ጂኖም፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የውርስ መመሪያ በሙሉ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ዛሬ በማሽን የሚከናወን ተግባር ሆኗል። የተነበበውን መተርጎም ግን፣ ይኸውም የትኛው ክፍል ጂን እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃና ምን እንደሚሠራ መወሰን፣ አሁንም የሰውን ዓይንና ፍርድ ይጠይቃል። ሥራው ሰፊ በመሆኑ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ተቋም አቅም ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

ይህ ጽሑፍ በብርቱካንና በሎሚ ዛፎች ላይ ከባድ በሽታ የምታስተላልፍ የአንዲት ተባይ ጂኖም በተመራማሪዎች፣ በመምህራንና በተማሪዎች ኅብረት እንዴት እንደተተረጎመ ያብራራል። ዋና ዓላማውም የማሽን ግምት በማስረጃ ሳይፈተሽ ዕውቀት ሊባል እንደማይገባ፣ ይህንንም የመፈተሽ ሥራ ተማሪዎች ሊካፈሉት እንደሚችሉ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተባይዋና የምታስተላልፈው በሽታ

ተባይዋ የእስያ የብርቱካን ሲሊድ ትባላለች። ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ገበሬዎች በአተርና በምስር ማሳ ላይ ከሚያውቁት ክሽክሽ ጋር በሩቅ የምትዛመድ፣ የተክልን ጭማቂ በመምጠጥ የምትኖር ነፍሳት ናት። ቅጠል ላይ ስታርፍ ራሷን ወደ ታች፣ የኋላ አካሏን ወደ ላይ ሽቅብ አድርጋ መቆሟ መለያዋ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ገና በሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ላይ ነው።

ጭማቂ መምጠጧ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ዋናው ችግር ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛ ዛፍ የምታሸጋግረው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ወደ ዛፉ የምግብ ማስተላለፊያ ሥር ከገባ በኋላ ቅጠሉ ያለ ሥርዓት ቢጫ ይዥጎረጎራል፤ ፍሬው ያንሳል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ከታች በኩል ሳይበስል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይመራል። ከጊዜ በኋላ ዛፉ ይደርቃል። በሽታው የአረንጓዴነት በሽታ የሚባለው በፍሬው መልክ ምክንያት ሲሆን፣ በቻይንኛ መጠሪያው ህዋንግሎንግቢንግ ይባላል። የታመመን ዛፍ ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘለትም።

የጉዳቱን መጠን ለመገመት የፍሎሪዳን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በዚያ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ተባይዋ በ1998፣ በሽታው ደግሞ በ2005 ተገኘ። በ2003/04 የምርት ወቅት ፍሎሪዳ 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን አምርታ ነበር፤ አንዱ ሣጥን 41 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ2022/23 ግን ምርቱ ከ20 ሚሊዮን ሣጥን በታች ወርዷል። ለዚህ ውድቀት ዐውሎ ነፋስም የራሱን ድርሻ ቢያበረክትም ዋናው ምክንያት ይኸው በሽታ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚስማማው የአፍሪካ ዓይነት በሽታና ይህንኑ የሚያስተላልፈው የአፍሪካ ሲሊድ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ከቆዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሙቀትን የሚቋቋመው የእስያው ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ የብርቱካን ዛፎች ላይ መገኘቱ በ2010 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ ስለ ተባይዋ የሚገኘው ዕውቀት ጥቅሙ ለአንድ አገር ብቻ አይሆንም።

እስካሁን በሽታውን ለመግታት በሰፊው የተሠራበት መንገድ ተባይዋን በኬሚካል መግደል ነው። ይህ ግን ወጪው ከባድ ነው፤ ጠቃሚ ነፍሳትንም ይጎዳል፤ ተባይዋም ኬሚካሉን እየተለማመደች ትሄዳለች። ተመራማሪዎች ወደ ጂኖሟ ፊታቸውን ያዞሩት እሷን ብቻ ለይቶ የሚጎዳ ዘዴ ለማግኘት ነው።

የጂኖም ንባብ

የጂኖም ጽሑፍ አራት ፊደላት ብቻ አሉት፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። የሲሊዷ ጂኖም 475 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ፊደላት አሉት። በአንድ ገጽ ላይ 2,000 ፊደል ቢጻፍ 237,500 ገጽ ይሆናል፤ ይህም ባለ 500 ገጽ የሆኑ 475 ጥራዞች ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ጥራዞች ውስጥ ግን ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገርንም የሚዘጋ አራት ነጥብ አይገኝም።

ከዚህም ሌላ ማሽኑ ጂኖሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ አያነብም። ቁርጥራጮችን ያነባል፤ ከዚያም ኮምፒዩተር ጫፎቻቸው የሚመሳሰሉትን እያገጣጠመ ያያይዛል። የሲሊዷ የመጀመሪያ ረቂቅ ጂኖም ከ160,000 በላይ ክፍሎች የነበሩት ነው። ገጾቹ እንደተበታተኑ፣ አንዳንዱ ቅጠል እንደጎደለ፣ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ እንደገባ የብራና መጽሐፍ ሊቆጠር ይችላል።

ትርጓሜ ለምን የሰው ፍርድ እንደሚያስፈልገው

ጂን ማለት በዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለአንድ ሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለአንድ ፕሮቲን መሠሪያ የሚሆን መመሪያ የያዘ ክፍል ነው። መመሪያው በሦስት በሦስት ፊደል ይነበባል። ኤቲጂ የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ ቲኤኤ፣ ቲኤጂ እና ቲጂኤ ደግሞ የማቆሚያ ምልክቶች ናቸው። ሆኖም እነዚህ ሦስት ሦስት ፊደላት በአጋጣሚም በየቦታው ስለሚገኙ ምልክቱን ማየት ብቻ ጂን ለማግኘት አይበቃም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የአብዛኛዎቹ የነፍሳት ጂኖች መመሪያ በተከታታይ የተጻፈ አለመሆኑ ነው። በመካከሉ ለፕሮቲኑ የማይፈለጉ ረጃጅም ክፍሎች ይገቡበታል። ሕዋሱ መመሪያውን ወደ አር.ኤን.ኤ. ሲገለብጥ እነዚህን ቆርጦ ይጥላል፤ የቀሩትን ያገጣጥማል። አልፎ አልፎም የአንዱን ጂን ክፍሎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ያገጣጥማል። በዚህ ጊዜ አንዱ ንባብ እንደ አንድምታ ትርጓሜ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» ተብሎ ሁለት ትክክለኛ ፍች ሊኖረው ይችላል።

ኮምፒዩተር እነዚህን ሁሉ በስሌት ይገምታል። ግምቱ በብዙ ቦታ ትክክል ቢሆንም የተለመዱ ስሕተቶች አሉት። አንዱን ጂን ሁለት አድርጎ ይቆርጣል፤ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ጂኖችን አንድ አድርጎ ይሰፋል፤ አጭሩን ክፍል ይዘላል፤ መጀመሪያውን ያለቦታው ያደርጋል። ግምቱ በእጅጉ የሚመካው አስቀድመው በሚገባ በታወቁ ጂኖሞች ላይ ነው። ከእነዚህም ዋናው በ2000 የታተመው የፍራፍሬ ዝንብ፣ የድሮሶፊላ ጂኖም ነው። ሲሊድና የፍራፍሬ ዝንብ ግን በዝርያ ሐረግ በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ለአንደኛዋ የሠራው መለኪያ ለሌላዋ ሁልጊዜ አይሠራም።

ስለዚህ ተርጓሚው ሦስት ምስክሮችን አቅርቦ ያመሳክራል። የመጀመሪያው የኮምፒዩተሩ ግምት ነው። ሁለተኛው ከተባይዋ አካል ተወስዶ የተነበበው አር.ኤን.ኤ. ነው፤ ይህ ሕዋሱ ራሱ ቆርጦና ገጣጥሞ ያዘጋጀው ቅጂ በመሆኑ ምስክርነቱ የከበደ ነው። ሦስተኛው በሌሎች ነፍሳት ውስጥ በሚገባ ከታወቀ ተመሳሳይ ፕሮቲን ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ውሳኔው ቀላል ይሆናል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ምክንያቱን መመርመርና የተደረሰበትን ፍርድ ከነማስረጃው ጽፎ ማስቀመጥ የተርጓሚው ግዴታ ነው።

ሥራው በኅብረት የተካሄደበት መንገድ

የጂኖም ትርጓሜን በጉባኤ መሥራት የተጀመረው በዚሁ በፍራፍሬ ዝንብ ነው። በኅዳር ወር 1999 ከ40 የሚበልጡ ሳይንቲስቶች በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በምትገኘው ሮክቪል ከተማ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ በሚያውቀው የጂን ዘርፍ ሁለት ሳምንት ያህል የኮምፒዩተሩን ግምት ሲመረምሩ ሰነበቱ። በዚያን ጊዜ ሥራው ሰዎቹ በአካል አንድ ቦታ መገኘታቸውን የሚጠይቅ ነበር።

በ2011 የአምስት ሺህ ነፍሳትንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ጂኖም ለማንበብ የሚያስችል ዓለም አቀፍ እቅድ ሲወጣ ግን ለእያንዳንዱ ነፍሳት ጉባኤ መጥራት እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ አፖሎ የሚባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ ተሻሽሎ፣ በልዩ ልዩ ከተሞች ያሉ ሰዎች የአንድን ጂኖም ገጽ በአንድ ጊዜ ከፍተው እንዲያርሙ፣ አንዱ ያረመውንም ሌላው ወዲያው እንዲያይ ተደረገ። የአሜሪካ ብሔራዊ የግብርና ቤተ መጻሕፍትም ለዚህ የሚሆን የጋራ መሥሪያ አዘጋጀ።

በሲሊዷ ጂኖም ሥራ የኒው ዮርኩ ቦይስ ቶምፕሰን የምርምር ተቋም፣ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎችና ሌሎችም ተሳትፈዋል። ለትምህርት ባለሙያ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን በፍሎሪዳ የብርቱካን አገር መካከል የሚገኘው የኢንዲያን ሪቨር ስቴት ኮሌጅ ድርሻ ነው። የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች በዙሪያቸው ያለውን እርሻ የሚያጠፋውን ተባይ ጂኖች ለመተርጎም ከታላላቅ ተመራማሪዎች ጋር ተሰልፈዋል።

ሥራው የተከፋፈለው በገጽ ሳይሆን በጂን ቤተሰብ ነው። አንዱ ቡድን የእድገትን፣ ሌላው የበሽታ መከላከልን፣ ሌላውም የሰውነት አሠራርን የሚመለከቱ ጂኖች ደረሱት። ይህ አከፋፈል ትልቅ ጥቅም አለው። ተማሪው በአንድ ቤተሰብ ላይ ብቻ ሲቆይ ስለዚያ ጉዳይ የተጻፈውን አንብቦ ለመረዳት ጊዜ ያገኛል፤ የተሰጠውንም ክፍል የእኔ ብሎ ይይዘዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የአሠራር መመሪያ ተጽፎ ተሰጠ። ጀማሪው የሠራውንም ልምድ ያለው ባለሙያ ሳያየው ወደ መጨረሻው መዝገብ አልገባም።

የተገኘው ውጤት

በ2017 የታተመው የዚህ ኅብረት ሥራ 530 በእጅ የታረሙ የጂን ትርጓሜዎችን አቅርቧል። በዚያው መዝገብ ውስጥ ያሉት ሌሎች ጂኖች ገና በኮምፒዩተር ግምት የቆሙ ናቸው። ይህም ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያሳያል።

ከግኝቶቹ መካከል ሁለቱ ለአብነት ይበቃሉ። የመጀመሪያው ስለ በሽታ መከላከያ ጂኖች ነው። አብዛኛዎቹ ነፍሳት አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነቶች ወደ ሰውነታቸው ሲገቡ የሚያነቃቃቸው አይ.ኤም.ዲ. የሚባል የጂኖች ሰንሰለት አላቸው። በሲሊዷ ውስጥ ግን የዚህ ሰንሰለት ዋና ዋና ክፍሎች ሊገኙ አልቻሉም። እዚህ ላይ ሁለት ፍች ይቻላል፤ አንድም ተባይዋ በእርግጥ የሏትም፣ አንድም የሏት መስሎ የታየው ረቂቁ ጎደሎ ስለሆነ ነው። ተርጓሚዎቹ በጂኖሙ ያጡትን በአር.ኤን.ኤ. ቅጂ ውስጥ ፈለጉ። አንዳንድ ሌሎች የጂን ቤተሰቦች በዚህ መንገድ በመገኘታቸው ጉድለቱ የረቂቁ እንጂ የተባይዋ እንዳልሆነ ታወቀ። የአይ.ኤም.ዲ. ክፍሎች ግን በዚያም አልተገኙም። በ2010 ጂኖሙ በታተመው በአተር ክሽክሽም ይኸው ሰንሰለት ጎደሎ ሆኖ ስለተገኘ፣ የሲሊዷ ጉድለት እውነተኛ መሆኑ ይበልጥ ተአማኒ ሆነ። ባክቴሪያውን ተሸክማ ያለ ብዙ ችግር መኖሯም ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ አለመታየት አለመኖር አይደለም።

ሁለተኛው የአር.ኤን.ኤ. ጣልቃ ገብነት የሚባለውን አሠራር የሚመለከት ነው። ከአንድ ጂን ፊደላት ጋር የሚመሳሰል ባለ ሁለት ድር አር.ኤን.ኤ. ወደ ነፍሳቱ ሲገባ፣ የነፍሳቱ ሕዋስ ራሱ የዚያን ጂን መልእክት ቆራርጦ ዝም ያሰኘዋል። ለኑሮዋ የግድ የሆነ ጂን ዝም ቢል ተባይዋ ትሞታለች። ተርጓሚዎቹ ለዚህ አሠራር የሚያስፈልጉትን ጂኖች ፈልገው መዘገቡ፤ ከፊሎቹም እንደ አተር ክሽክሹ ተባዝተው መገኘታቸውን አሳዩ።

የትርጓሜ ትክክለኛነት ክብደቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዒላማ የተደረገው ጂን ፊደላቱ በስሕተት ከተመዘገቡ የሚዘጋጀው አር.ኤን.ኤ. ተባይዋን ይስታል። ከንብ ወይም ከሌላ ጠቃሚ ነፍሳት ጂን ጋር የሚመሳሰል ክፍል ከተመረጠም ጉዳቱ ለማይገባው ይተርፋል። በኮምፒዩተር ፊት የተፈጸመ ትንሽ የንባብ ስሕተት በማሳ ላይ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት የጂኖሙ ንባብ ራሱ ተሻሽሎ፣ የተበታተኑት ክፍሎች በ13 ረጃጅም የክሮሞሶም ልክ ባላቸው ክፍሎች ተሰብስበዋል። በተሻለው ንባብ ላይ ትርጓሜው ቀጥሏል፤ ተማሪዎችም ስማቸው በታተሙት ጽሑፎች ላይ ከጸሐፊዎቹ ጋር ሰፍሯል።

ለመማር ማስተማር የሚሰጠው ግንዛቤ

ይህ ሥራ ለሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎችና ለመምህራን የሚያቀርበው ጥያቄ አለ። በብዙ ክፍሎች የሥነ ሕይወት ትምህርት ያለቀለት ዕውቀት ዝርዝር ሆኖ ይቀርባል። ተማሪው ጂን ምን እንደሆነ ይተረጉማል፤ የክፍሎቹን ስም ይዘረዝራል፤ በፈተና ይመልሳል። አንድ ነገር ጂን መሆኑ እንዴት እንደታወቀ፣ ማን እንዳረጋገጠውና ምን ቢገኝ ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ እንደነበር ግን አይጠየቅም። ሳይንስ የሚኖረው ከነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

እርግጥ ነው፣ የኮምፒዩተርና የመገናኛ መስመር እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት ይህን ሥራ እንደወረደ መቅዳት አይቻልም። የአስተሳሰቡን ዘዴ ማስተማር ግን ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ አይጠይቅም። መምህሩ የሚከተሉትን 19 ፊደላት በሰሌዳ ላይ መጻፍ ይችላል፦

ሲኤኤቲጂሲሲቲኤኤኤጂጂቲቲኤኤሲጂ

ተማሪዎች በመጀመሪያ ኤቲጂን እንዲፈልጉ ይታዘዛሉ፤ በሦስተኛው ፊደል ላይ ይጀምራል። ከዚያ በሦስት በሦስት ሲቆጥሩ ኤቲጂ፣ ሲሲቲ፣ ኤኤኤ፣ ጂጂቲ፣ ቲኤኤ የሚል ያገኛሉ፤ የመጨረሻው የማቆሚያ ምልክት ነው። ቀጥሎ ከሁለተኛው ፊደል ጀምረው እንዲቆጥሩ ይደረግ። ኤኤቲ፣ ጂሲሲ፣ ቲኤኤ ይሆናል፤ ማቆሚያው ያለጊዜው ይመጣል። በአንድ ፊደል መዛነፍ ብቻ ፍችው ሁሉ እንደሚበላሽ ተማሪው በገዛ እጁ ያየዋል።

ከዚያ በኋላ መምህሩ በመካከሉ ሌሎች ፊደላትን አስገብቶ ማስረዘም፣ ለአንዱ ቡድን የተቆረጠውን የአር.ኤን.ኤ. ቅጂ፣ ለሌላው ከተመሳሳይ ጂን የተወሰደ ምሳሌ መስጠት ይችላል። ቡድኖቹ ለየብቻ ከወሰኑ በኋላ ውሳኔያቸውን ያነጻጽራሉ። በዚህ ጊዜ ነጥብ ሊሰጥ የሚገባው ለትክክለኛው መልስ ብቻ ሳይሆን ለቀረበው ምክንያትም ነው። ማስረጃው ሲቀየር ውሳኔውን ያስተካከለ ቡድን እንደተሸነፈ ሊቆጠር አይገባም።

ለእቅድ አውጪዎች ደግሞ ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎችን በእውነተኛ ምርምር ማሳተፍ የሚቻለው ሥራው ተከፋፍሎ፣ መመሪያው ተጽፎ፣ አራሚም ተመድቦለት ሲዘጋጅ ነው፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ተማሪው ምክንያቱን ሳይረዳ ፊደል ሲያስተካክል ቢውል ያ ጉልበቱን መጠቀም እንጂ ማስተማር አይባልም፤ ስለዚህ የሠራውን የሚያስረዳበት ጊዜ በእቅዱ ውስጥ መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ የሚመረጠው ጉዳይ ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ ቢሆን ትምህርቱ ይጠብቃል። የፍሎሪዳ ተማሪ የሚያጠናው ተባይ በጎረቤቱ የብርቱካን ዛፍ ላይ ያለ ነው፤ በኢትዮጵያም ከአተር ክሽክሽ ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አይጠፋም።

ማጠቃለያ

የሲሊዷ ጂኖም ሥራ ማሽን በአጭር ጊዜ የሚያነበውን ለመረዳት የብዙ ሰዎች ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። የተመራማሪው ጥልቅ ዕውቀት፣ የመምህሩ ክትትልና የተማሪው ትጋት በአንድ መዝገብ ላይ ተገናኝተዋል። የብርቱካን በሽታው ገና አልተሸነፈም፤ በትክክል የተተረጎመ እያንዳንዱ ጂን ግን ወደ መፍትሔው የሚያደርሰውን መንገድ ያቀናል።

ንባብ እየቀለለ በሄደ ቁጥር የትርጓሜ ኃላፊነት ይከብዳል። ስለሆነም ትምህርት ቤት ሊያፈራው የሚገባው ዜጋ የተጻፈለትን ብቻ የሚያነብ ሳይሆን «ይህ በምን ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱንም ከማስረጃ ጋር ለማመሳከር የሚችል መሆን ይኖርበታል።